ትልልቆቹ ካሮቶች

ቢላዋው ካሮቱ መካከል ሲደርስ ቆመ። የትምህርት ቤቱ ዋና አብሳይ በሁለት እጇ ተጫነችው፤ አልነቃነቅ አለ። ተማሪዎች «እማማ ጭልፋ» የሚሏት እርሷ ናት፤ ስታበስልም ሆነ ስትገሥጽ ጭልፋዋን ከእጇ አትለይምና።

እስከዚያ ዕለት ድረስ የተማሪዎቹ ምሳ ከሩቅ አገር በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ የዱቄት ሾርባ ነበር። ልጆቹ ግማሹን ይጠጡና ግማሹን በምግብ አዳራሹ መስኮት ሥር ላለው የአበባ መደብ ያካፍሉታል፤ አበባውም ከዓመት ዓመት ይጠወልጋል። እማማ ጭልፋ ይህን ማየት ቢሰለቻት ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብታ፣ «ደጃችን የበቀለ እያለ ስለ ምን ከሩቅ እንለምናለን?» አለች። ታናሽ ወንድሟና ጎረቤቶቹ ከከተማው ጥግ አትክልት ያለማሉና። ርእሰ መምህሩ ለአንድ ቀን ሙከራ ፈቀደ። ሳህኑ ምግብ እንደያዘ ከተመለሰ ግን ዱቄቱ ይቀጥላል፤ ለትምህርት ቤቱ ተብሎ የተዘራው ማሳም ገዢ ያጣል። እርሷም በአብሳዮቹ ሁሉ ፊት፣ «ልጆቹ ካልበሉ ጭልፋዬን አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ» ብላ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» ስትል ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ካሮት ነዋ፣ እትዬ!» ማልዶ ያመጣቸው ጆንያዎች አጠገብ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«ካሮት? እኔ ደግሞ የአልጋ እግር መስሎኝ!»

«ይፋፋ ብለን ሳንነቅለው አቆየነዋ። ለተማሪ ቤት የሚላክ ነገር ቀጫጫ ይሁን እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰዉን ተወውና ልጆቹ የሚሉህን ስማ። ልቡ እንጨት ሆኗል፤ እስከ ማታ ብቀቅለው አይበስልም። ለጋዎቹ የት አሉ?»

ወንድሟ የጆንያውን አፍ መልሶ ማሰር ጀመረ።

«የት አሉ ነው የምልህ!»

«ለላሟ... በረቱ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ትሰጣታለች።»

«እሰይ! እንግዲህ ዛሬ በወጉ የምትበላው ላምህ ብቻ ናት!»

ወንድሟ ስልኩን አውጥቶ ወደ ሚስቱ ደወለ። ጠራ፤ የሚያነሣ ጠፋ። ደግሞ ደወለ። እማማ ጭልፋ ድንችና ምስሩን እሳት ላይ ጣደች፤ እጇ ይሥራ እንጂ ጆሮዋ ከስልኩ ጋር ነበር። በዚህ መካከል ርእሰ መምህሩ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «ሽታው ደስ ይላል። ካሮቱስ?» አለ።

«መንገድ ላይ ነው፣ መምህር» አለችው፤ ይህን ግን ራሷም አላመነችውም።

በመጨረሻ ስልኩ ተነሣ።

«ላሟ በላች?» ሲል ወንድሟ ጮኸ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«አንተ ሰው፣ ከመቼ ወዲህ ነው እኔን ደህና አደርሽ ሳትል የላም ቁርስ የምትጠይቀው?» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋ ወጥ ቤቱን ሞላው።

«በላች ወይስ አልበላችም?»

«አንድ እፍኝ ቀምሳለች። ቀሪውን ልሰጣት ስል አንተ ጮህክ።»

«እንዳትሰጫት! የጎረቤታችንን ጋሪ ለምኚና ጭነሽ ቶሎ ነይ!»

«ማንን? ላሟን?»

«ካሮቱን!»

አብሳዮቹ ሳቅ አመለጣቸው፤ እማማ ጭልፋ ብቻ ገና ለመሳቅ አልደፈረችም።

ጋሪው በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ ሁሉም ተረባርቦ አወረደ። የታጠቡት ለጋ ካሮቶች ጣት የሚያካክሉ ነበሩ። ቢላዋው እንደ ቅቤ አለፈባቸው። ደወሉ ተደወለ፤ ሾርባው ተቀዳ፤ እማማ ጭልፋም ሳህን በሚመለስበት መስኮት አጠገብ ጭልፋዋን ታቅፋ ቆመች።

አስቀድማ የመጣችው አበባዎቹን ሾርባ በማጠጣት የታወቀችው ቀበጥ ተማሪ ናት። ሳህኑን በመስኮቱ አስገባች፤ ተጠርጎ ጸድቷል።

«ለአበባዎቹ አላስቀረሽም?» አለቻት እማማ ጭልፋ።

«ዛሬስ ውሃ ይጠጡ» አለች ልጅቱ። «ትንሽ ይጨመርልኛል?»

ከኋላዋ የመጡትም ባዶ ሳህን ይዘው ተሰለፉ። ርእሰ መምህሩ የራሱን ሳህን ከሰልፉ መጨረሻ ይዞ መጣና፣ «ከእንግዲህ በዚሁ ይቀጥል፤ ጭልፋውም ከባለቤቱ ጋር ይቆይ» አለ።

ከማለዳ ጀምራ ቆማ የዋለችው እማማ ጭልፋ ያን ጊዜ ገና ተቀመጠች፤ የተቀመጠችውም በዱቄት ሾርባው ካርቶን ላይ ነበር። ካርቶኑ ከሥሯ ተጨመደደ፤ እርሷም ከአንጀቷ ሳቀች።

«እነዚህን ትልልቆቹን ምን ላድርጋቸው፣ እትዬ?» አለ ወንድሟ ጆንያዎቹን እያየ።

«ከትፈህ ለላሟ ስጣት» አለችው። «ቁርሷን ለልጆቼ ለቅቃለች፤ ትልቅ ትልቁ ለእርሷ ይገባል።»