ወደ በሩ ያዘነበለው ኖዝል

የእብነ በረዱ የሎተስ አበባ ዘጠና ስድስት ቅጠሎች ነበሩት። ከዘጠና ስድስቱ ሠላሳ አንዱ ጉድጓዳቸው ውስጥ አንገባም አሉ።

ሸፊቅ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው እያንዳንዱን ቅጠል በቦታው ያኖሩና በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። አንዳንዱ ሰተት ብሎ ይገባል። አንዳንዱ ግን ከላይ ሲያዩት ልክ ይመስልና ከሥር ይነክሳል። አንዱን በመዶሻ እጀታ መታ ቢያደርጉት አረንጓዴው ድንጋይ ከጠርዙ ሽርፍ አለ። ሸፊቅ በህንድ የእብነ በረድ ከተማ የማክራና ሰው ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እብነ በረድ ውስጥ እብነ በረድ ሲሰኩ ጢማቸው ሸብቷል።

"ይኼ የእኔ እጅ ያመጣው አይደለም፣ ልጄ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ማሽንሽን ጠይቂው።"

ሱግና ማሽኑን ከተረከበች ገና አራት ወሯ ነው። ውሃን በኃይለኛ ግፊት ከፀጉር በማይሰፋ ቀዳዳ ያስወጣል፤ ከቀይ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ኖዝል በተባለው ቀጭን አፍንጫ ይለቀዋል፤ በኮምፒውተር እየተመራም ድንጋዩን እንደ ቂጣ ይቆርጠዋል። በማንጊላል የድንጋይ መቁረጫ ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙጫ ስትቀባ ኖራ ወደ ማሽኑ ስትሻገር ወንዶቹ ለአንድ ሳምንት ቀልደውባታል። በኪሻንጋር ከተማ በውሃ መቁረጫ ማሽን ላይ የቆመች ሌላ ሴት እሷ ራሷ አታውቅም።

የወለል ጌጡ የጃይን ሃይማኖት ምእመናን ለሚያርፉበት አዲስ ቤት አዳራሽ ነበር። ሊመረቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ያሳሰባት ግን የቀኑ ማጠር ብቻ አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አንድ ጊዜ አይታዋለች። ከእሷ በፊት ማሽኑ ላይ የነበረው ሩግናት ነው፤ ሥራውንም ያስተማራት እሱ። ከአራት ወር በፊት ሩግናት የቆረጠው ትልቅ አበባ ልክ እንዲህ አልዘጋም ብሎ ሦስት ሰሌዳ ውድ ድንጋይ ገደል ገባ። ሁሉም በአክብሮት ሼትጂ የሚሏቸው ባለቤቱ ማንጊላል ግቢው መሀል ቆመው ጮኹበት። ሩግናት እሑድ እሑድ ከሚስቱ ወንድም ጋር አንድ ሁለት ይል ስለነበር ወሬው ወዲያው መጠጥ መጠጥ ሸተተ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል ተባለ። በሳምንቱ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሻይ ቤት ሰዎች "ጠማማው" ይሉታል። እሱ ከሄደ በኋላ ግቢው ሲቆርጥ የከረመው ቀጥ ያለ ጠርዝ፣ የስም ጽሑፍና የመታጠቢያ ገንዳ ቀዳዳ ብቻ ነው። አበባ ሲመጣ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ሱግና መጀመሪያ ያደረገችው ማንም የሚያደርገውን ነው። ኖዝሉ ውስጥ ያለችውን ጠንካራ ቱቦ ፈታ አየቻት። ውሃው ከላይ ካለችው ከሩቢ ዕንቁ የተሠራች ቀዳዳ መሀሉን ይዞ ካልመጣ ቱቦዋን በአንድ ጎኗ ይበላታል፤ አፏም ክብነቱን ትቶ እንቁላል ይመስላል። ይህቺኛዋ ክብ ነበረች። ቢሆንም በአዲስ ተካቻት። አሸዋውን ዘግታ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጋ፣ ውሃውን ብቻ ለቀቀች። ከኖዝሉ የወረደው ውሃ እንደ መስተዋት ዘንግ ጥርት ብሎ ቀጥ አለ፤ አልተበተነም፣ ጭጋግም አልሠራም። እዚህ ችግር የለም ማለት ነው።

ወደ ሸፊቅ ተመለሰችና አጠገባቸው ተቀመጠች። እምቢ ያሉትን ቅጠሎች አንድ ባንድ እያነሳች ጎናቸውን በስኳድራ፣ በማዕዘን መለኪያው፣ አየች። የሁሉም ጎን ትንሽ ዘንበል ብሏል። የገቡትንም አንስታ አየች። እነሱም ዘንበል ብለዋል።

"የገቡትም ጠማማ ናቸው እኮ፣ አጎቴ" አለች።

"ታዲያ እንዴት ገቡ?"

ይኼን መመለስ ግማሽ ቀን ወሰደባት። ቅጠሎቹ ሲቆረጡ ድንጋይ እንዳይባክን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው ነው። አበባው ላይ ሲሰኩ ግን እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ዙሪያውን ይዞራሉ። ሱግና በእርሳስ እያንዳንዱ ቅጠልና ቅጠሉ በሚሰካበት ጉድጓድ ላይ በተቆረጡበት ጊዜ የማሽን ቤቱ በር በየት በኩል እንደነበረ ቀስት ሣለች። ከዚያ ስኳድራውን እንደገና ያዘች። የዘጠና ስድስቱም ጎን ያዘነበለው ወደ ቀስቱ ነበር። የቅጠሉና የጉድጓዱ ቀስት አንድ ላይ ሲያመለክት ጠማማው በጠማማው ላይ ይተኛል፤ ቅጠሉ ሲዞር ግን ሁለቱ ይጣላሉ።

እንግዲህ ኖዝሉ ራሱ ወደ በሩ አዘንብሏል ማለት ነው። ይኼ ሲገባት እጇ ውስጥ የነበረውን ቅጠል ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ጠዋት ቱቦዋን አውጥታ በቦታዋ የተሞረደ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ሰካች። መርፌ ያለውን መለኪያ ከማሽኑ ጠረጴዛ ጋር አስራ ጫፉን ዘንጉ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ኖዝሉን የተሸከመውን የማሽኑን ጭንቅላት አሥር ሳንቲሜትር ወደ ላይ አነሳችው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቢሆን መርፌው ባልተንቀሳቀሰ ነበር። መርፌው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ላይ ቆመ። በሌላኛው ጎን ስትለካ ምንም የለም። ማዘንበሉ ወደ በሩ ብቻ ነው።

ጭንቅላቱን የተሸከመውን ብረት ለማየት ጎንበስ ብላ በጨርቅ ጠረገችው። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ተፈረካክሷል፤ ከታችኛው ቡሎን አጠገብም የጥፍር ያህል ተልጧል። ያንን ልጣጭ ታውቀዋለች።

ማሽኑን ስትማር በሦስተኛ ወሯ ነበር። ሩግናት ምሳ ሊበላ ወጥቶ ምንም እንዳትነካ ነግሯት ነበር። እሷ ግን ጭንቅላቱን ከዳር እስከ ዳር ራሷ መንዳት አማራት። አንድ የተቆረጠ ድንጋይ ጫፉ ቀና ብሎ እንደነበር አላየችም። ጭንቅላቱ በሙሉ ኃይሉ መታውና ቆመ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ዙሪያውን ብታይ ማንም የለም፤ የተሰበረም ነገር የለም፤ ቀለም ብቻ ተልጧል። ማሽኑን ወደ መነሻው መለሰችው፤ በስስ ድንጋይ አንድ አራት ማዕዘን ቆርጣ ለካችው፤ ልክ ነበር። "ድሮስ ሴት ማሽን ስትነካ" የሚለውን ቃል ገና ሳይባል ሰማችው። ሩግናት ጥርሱን እየፋቀ ሲመለስ ምንም አልነገረችውም። አበባው የተበላሸው በዚያው ሳምንት ነበር። ሁለቱን ነገር አገናኝታ አታውቅም፤ ወይም ላለማገናኘት ፊቷን አዙራ ነበር። የትኛው እንደሆነ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

ያን ቀን ማሽኑን ማቃናት ያዘች። በባለ ስድስት ማዕዘኑ የብሩጎላ ቁልፍ አራቱን ቡሎኖች አላላች፤ ከመጠጥ ቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣ ከታች በኩል ከብረቱ ሥር አስገባች፤ አጠበቀች፤ ለካች። በዛ። አወጣችው፤ በግማሽ አሳነሰችው። ቡሎን ባጠበቀች ቁጥር ብረቱ እየጎተተ መርፌውን ያነቃንቀዋል፤ ስለዚህ እንደ አልጋ ጠፍር ተራ በተራ፣ በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ታጠብቅ ጀመር። ምሳዋ፣ የማሽላ ቂጣና እርጎ፣ ጨርቁ ውስጥ እንደታሰረ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርፌው በአራቱም ጎን የፀጉር ያህል ሳይነቃነቅ ቆመ።

በአራት ቀን ውስጥ ጉድጓዱንም ቅጠሎቹንም በአዲስ ድንጋይ ቆረጠች። ሸፊቅ አንድ ባንድ ያኖሩ ጀመር። የመጨረሻው ቅጠል ድምፅ ሳያሰማ ገባ። አዛውንቱ መዳፋቸውን በአበባው ላይ ሲያሳልፉ የትም አልያዛቸውም።

"ምን ነበር?" ብለው ጠየቋት።

"ቡሎን ላልቶ ነው" አለች።

ማንጊላል ደስታቸው ወሰን አጣ። ጣፋጭ አስመጥተው ለግቢው ሁሉ አደሉ። "አያችሁ?" አሉ ለወንዶቹ ሱግናን እያሳዩ። "ያ ሰካራም ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽኔን ሲያበላሽ ኖረ። ይህቺ ሴት በአንድ ሳምንት አቃናችው።"

ወንዶቹ ሳቁ። ሱግና ጣፋጩን እንደያዘች ቀረች። ነቀፌታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትችለው ነበር፤ ምስጋናው ግን አልዋጥ አላት። ሰዉ ሲበተን ተከትላቸው ወደ ትንሿ ቢሯቸው ገባችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ጭንቅላቱን ያጋጨችው እሷ እንደነበረች፣ ሩግናት ምንም እንዳላጠፋ፣ ቡሎን ላልቶ ነው ያለችው ውሸት እንደሆነ፣ አንዱንም አላስቀረች።

ማንጊላል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ለምን አሁን ነገርሽኝ? ማን ሊያውቅብሽ?"

"እኔ አወቅኩት፣ ሼትጂ።"

"ከነገ ጀምሮ ወደ ሙጫሽ ተመለሺ" አሏት። እሷ ከዚያ የከፋ ጠብቃ ነበር።

ሩግናት ከአውራ ጎዳናው ማዶ ካለ የድንጋይ መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ሰሌዳ እያጠበ ይሠራ ነበር። ሱግና በምሳ ሰዓት ሄደች። ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ከአምስት ስድስት ሰዎች ጋር ተቀምጦ አገኘችው። እግሩ እስከ ጉልበቱ በነጭ የድንጋይ ጭቃ ተለስኗል። ዓይኑ ላይ የማታውቀው መነጽር አለ። ለብቻው እንዲመጣ ለመነችውና ከሻይ ቤቱ ጀርባ ቆመው ነገረችው።

ሩግናት ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። መጀመሪያ የጠየቃት እንደ ባለሙያ ነው።

"ወደ የት ነው ያዘነበለው?"

"ወደ በሩ።"

"ስንት?"

"በአሥር ሳንቲሜትር አንድ ተኩል።"

በጭንቅላቱ አሰላው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው። "ውሃውን አይቼ ነበር" አለ። "ቱቦዋንም ቀይሬ ነበር። ዘንጉን ግን አልሰካሁም። ከሳምንት በፊት ያቃናሁት ራሴ ስለሆንኩ ምን ብዬ ልጠርጥረው?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ሩግናትጂ።"

እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ አሳያት። "ይኼን አጅሜር ከተማ ድረስ ሄጄ ያሠራሁት ነው። ሐኪሙ ዓይንህ ደህና ነው ቢለኝ ተጨቃጭቄ ነው ያሠራሁት። መጠጡንም ተውኩ። ጠዋት ጠዋት ስነሳ እጄን እንዲህ ዘርግቼ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አየዋለሁ። አራት ወር ሙሉ። ሚስቴም አብራ ታየዋለች።"

ሱግና አለቀሰች። ሩግናት እስክትጨርስ ጠበቃትና "ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል?" አላት። "እዚያ ለተቀመጡት ንገሪያቸው።"

ወደ አግዳሚው ተመለሱ። ሱግና ሻሿን አጥብቃ ስሟንና የምትሠራበትን ግቢ ተናገረች፤ ቀጥላም ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው። አንዱ ጭነት ነጂ "ታዲያ ጠማማዋ አንቺ ነሽ በያ" አላት። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለችው። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሻይ ቀጂው ለሩግናት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጨምሮ ቀዳለት፤ ሩግናት ጠጥቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ማንጊላል ራሳቸው ሄደው ለመኑት። ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ተመለሰ። አዳራሹ በቀኑ ተመረቀ፤ ሰዉ ጫማውን አውልቆ ሎተሱ ላይ ተመላለሰበት።

ሱግና ሰባት ሳምንት ሙጫ ቀባች። ከዚያ አንድ ጠዋት ሩግናት ከሸፊቅ ጋር ሲነጋገር ሰማችው፤ ሥራው ስለበዛ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው እንደሚያስፈልገው፣ እሷም እንደምትሆን ነበር የሚናገረው። ለእሷ በቀጥታ የነገራት ባይኖርም በዚያው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ ቆመች። ድሮ "ሱግኒ" ይላት ነበር፤ አሁን ሙሉ ስሟን ይጠራል። መነጽሩን ትቶታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑ ሲቆም ዘንጉን ሰክታ በአራቱም ጎን ትለካለች፤ ያገኘችውን ትነግረዋለች። ሩግናት እሺ ይላል፤ ከዚያ መለኪያውን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ይለካል። እሷም እስኪጨርስ መብራቱን ትይዝለታለች።