ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው የጠመኔ ምልክት

ልብስ ሰፊው በሳምንት ሁለቴ አባቱን አዝሎ አራት ፎቅ ይወርዳል፤ ከሕክምና ሲመለሱ ደግሞ አራቱን ፎቅ ይወጣል። ሊፍቱ ከተበላሸ መንፈቅ አልፎታል። የሽማግሌው እግር ከከዳቸው ወዲህ ሌላ መላ የለም፤ ልጁ ያቃተው ቀን ሕክምናውም ያበቃል።

መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ ይብረከረክ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሶ የሚውል ሰው ጉልበት ከየት ያመጣል? ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ጠየቀ። መካሪ እንደሆነ ሞልቷል! አንዱ ሩጥ አለው፤ ሌላው ሩጫ ጡንቻ ይበላል አለው። ሦስተኛው በቀን ስድስት እንቁላል አዘዘለት። ደረቱን ገልጦ የሚቀረጽ አንድ ጎረምሳ «ካላመመህ አልሠራህም ማለት ነው» ሲል አመነውና ሦስት ቀን ወገቡን ይዞ ዋለ። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ እሱ ግን ሁሉንም ሊሸከም ሞከረ።

በመጨረሻ ተወውና የራሱን ዘዴ አበጀ። ከሥራ ሲመለስ አንድ ጥቅል ጨርቅ ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ይወጣል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ይቆማል፤ መለስ ሲልለት ይቀጥላል። አባቱን ሲያወጣ ደግሞ መጀመሪያ ያረፈበትን ቦታ በስፌት ጠመኔ ግድግዳው ላይ ያሰምራል። ምልክቱ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ወጣ። ባለፈው ሳምንት የትም ሳያርፍ በራቸው ላይ ደረሰ። ያን ዕለት ሲያፏጭ አመሸ።

ዛሬ ነርሷ ሽማግሌውን መዘነችና ካርዱ ላይ እየጻፈች «ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ» አለች። «ሲጀምሩ ሃምሳ ስምንት ነበሩ።»

ልጁ ሰማ። ማዘን እንዳለበት ያውቃል፤ ሐዘኑ ግን አልመጣም። ውስጡ እንዳለ ደነዘዘ። የታየው ያ ግድግዳ ላይ ያለው ጠመኔ ብቻ ነው። አባቱን አዘለና ወጣ።

ቤት ደርሰው ደረጃውን ሲጀምሩ «ያውቁ ነበር እንዴ አባባ?» አለ።

ሽማግሌው አርባ ዓመት እህል መጋዘን ሠርተዋል። ጆንያ ብድግ አድርገው ኪሎውን ስለሚናገሩ ሰዉ ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚላቸው።

«የሰውን ጆንያ የማውቅ ሰውዬ የራሴን ላጣው ነው?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ጠመኔዋን ከፍ ባደረግክ ቁጥር ፊትህ ይበራ ነበር። ምን ብዬ ላጥፋብህ?»

ሁለተኛው ፎቅ ደረሱ። አልደከመውም፤ ትንፋሹ እንኳ አልተቆራረጠም። ግን ቆመ። ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንደ ድሮው ቁና ቁና ተነፈሰ።

«ምነው ልጄ?»

«ከበዱኝ አባባ።»

ሽማግሌው አንገቱን ያቀፉበትን እጅ ጠበቅ አደረጉት።

«እረፍ በቃ። ምን ያስቸኩለናል?»

ልጁ ባንድ እጁ ደግፏቸው በሌላው ጠመኔውን ከኪሱ አወጣና ከመጀመሪያው ምልክት አጠገብ አሰመረ።