ካውያ የነካው ጭራቅ

እማማ ቦጋለችን እንቅልፍ የነሣቸው የልጅ ልጃቸው የኢሳያስ መደርደሪያ ነው። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ባለው አፓርታማቸው ውስጥ፣ ከልጁ አልጋ ራስጌ በላይ፣ የድሮ የጀግና ፊልሞች በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮና በወፍራም ካርቶን ታሽገው ተደርድረዋል። የሚበር አለ፤ ግድግዳ በቡጢ የሚበሳም አለ። እሱስ ይሁን። አንዱ ካርቶን ላይ ግን ባለቀንድ ጭራቅ አፉን ከፍቶ የልጁን ትራስ ቁልቁል ያያል። ኢሳያስ ይህን ሁሉ ዕድሜ ይዞ ሳያገባ የቀረው ታዲያ በማን ነው?

እሑድ ኢሳያስ ሻወር ሲገባ ጸበላቸውን አነሡ። ጭራቁ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቢረጩት ምን ይሠራል? ብለው ላስቲኩን በመቀስ ቀደዱ። ከዚያ በሥላሴ ስም ሦስቴ ረጩ። ካርቶኑ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ።

«ወይኔ ጉዴ!»

ካውያ ሰኩ። ጨርቅ ጣል አድርገው ቢተኩሱት ካርቶኑስ ተስተካከለ፤ የጭራቁ ቀንዶች ግን ከጨርቁ ጋር ተልጠው መጡ።

ኢሳያስ ፎጣውን እንዳገለደመ ደረሰ። «እማማ! ሲልድ ነበር እኮ፣ ያልተከፈተ! ዙበይር አሁን ሊመጣ ነው፤ ያጣሁትን ፊልም በዚህ ትሬድ ሊያደርገኝ፣ ሊለውጥልኝ! ስንት ዓመት ለምኜው!»

«ቀንዱ ወለቀ አይደል? ጸበሉ ሠርቷል ማለት ነው» አሉ እማማ፣ ካውያውን ከሶኬቱ እየነቀሉ።

በሩ ተንኳኳ። ዙበይርም እንደ ኢሳያስ ሰብሳቢ ነው፤ ከብሉር ሰፈር በሰብዌይ ባቡር ፊልሙን ታቅፎ መጣ። ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየና ጮኸ።

«ቀንድ የለውም! ሚስፕሪንት ነው? ተሳስቶ የታተመ ብርቅ? በስመአብ፣ እኔን ሙስሊሙን አስባልከኝ! በል የለመንከኝን ፊልም ውሰድ፣ ይሄን አምጣ!»

ኢሳያስ እማማን በዓይኑ ለመናቸው። ምስጢሩን ሊደብቁለት ነበር፤ ከአፋቸው ግን አመለጠ።

«የሰው ልጅ፣ አትታለልብኝ። እኔ ነኝ በካውያ የላጥኩት።»

ዙበይር ካርቶኑን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ሳቁ ፈነዳ። «እርስዎ ነዎት? ከዚህ የበለጠ ሊሚትድ ኤዲሽን የት ይገኛል፣ በዓለም አንድ ብቻ! በሉ ይፈርሙልኝ!»

«ኧረ ፊርማ! ነገ ፖሊስ ቢያገኘውስ?»

«ማዘር፣ ካልፈረሙ ትሬድ የለም።»

ኢሳያስ እስክሪብቶ በሁለት እጁ አቀረበ። እማማ አማተቡና ቀንዶቹ በነበሩበት ላይ «ቦጋለች» ብለው ጻፉ። የአባታቸውን ስም ግን ተዉት፤ ምርመራ ቢመጣ፣ በቶሮንቶ ስንት ቦጋለች አለ።