የተንጠለጠለው ገመድ

ባለማደያው ነገሩን ሲያወራ እንዲህ ይላል። ጎሚስታው ጥሩ ሰው ነበር፤ እጁ የተባረከ ነው፤ ግን ኩራቱ ለጎማ ነፊ የሚሆን አልነበረም። ኮምፕሬሰር ሲገዛ ከማደያው ቆጣሪ መብራት ሰጠሁት። ኮምፕሬሰሩ በተነሳ ቁጥር የነዳጅ ፓምፑ እየተንተፋተፈ ይቆማል፤ ሾፌሩ በእኔ ላይ ይጮኻል። በተራ እንሥራ አልኩት፤ እሺ ይልና በማግስቱ ይረሳዋል። አንድ ቀን ገመዱ ጭነቱን አልቻለም፤ ተቃጥሎ ወደቀ። እሱም ጥቂት ከረመና ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ማንም ውጣ አላለውም።

የጎሚስታው ቤተሰብ ደግሞ እንዲህ ይላል። ባለማደያው የከባድ መኪና ሾፌሮች ነዳጅ ሳይቀዱ ጎማ ብቻ እያስነፉ ሲሄዱ ሲያይ ዓይኑ ደም ለበሰ። በተራ እንሥራ ያለው ለወሬ ነው። አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ መሰላል አስደግፎ ምሰሶው ላይ ወጣ፤ ፒንሳ ከኪሱ አውጥቶ ገመዱን እንደ ክር በጠሰው። የጎሚስታው ሚስት በዓይኗ በብረቱ አይታለች። መሰላሉንም፣ ፒንሳውንም፣ እጁንም።

ሁለቱ ወሬዎች ዓመታት ሙሉ እዚያው አንድ መንገድ ዳር ሲኖሩ አንዱ ሌላውን አንኳኩቶ አያውቅም። የጎሚስታው ልጅ ያደገችው በሁለተኛው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም፤ ራሷ አይታለች። አባቷ የከባድ መኪና ጎማ በእጅ መንፊያ ሲነፋ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ሲጣበቅ፣ ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ «ተወው በቃ፣ ከፊት አስነፋለሁ» ብሎ ሲሄድ። ኮምፕሬሰሩ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያለ ይመስል። በመጨረሻ ከተማ ገቡ። አባቷ የሰው በር ጠባቂ ሆኖ፣ ደረቱ እያፏጨ፣ አንድም ቀን ስለ ማደያው ክፉ ሳይናገር ሞተ። ክፉውን ሁሉ እናትየው ተናገረችለት። ቂሙን ደግሞ ልጅቷ ቋጠረችው።

ስታድግ የተማረችው መብራት ነው። ለምን መብራት እንደመረጠች የጠየቃት ሰው ካለ «ሥራ አለው» ትላለች። እውነትም ሥራ አለው። የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ ውስጥ እንደ አሸዋ በዝቷል፤ ከከተማ ሲወጣ ግን ባለቤቱ ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ ባትሪው ላይ ይተክላል። በገመድ እየተጎተተ የሚመለሰው ብዙ ነው። መሥሪያ ቤቷ በረጅሙ የገጠር መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች እንዲተክል ፈቃድ አገኘ፤ ቦታ መራጯ ደግሞ እሷ ሆነች። እሷ እዚህ ይሁን ያለችውን ቢሮው አይሽርም።

ካርታው ላይ ጣቶቿ መንገዱን ተከትለው ሄደው ሄደው፣ ለጣቢያ የሚመች ርቀት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያ ማደያ ነው። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ወደዚያ ያደረሳት የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር «ፍሬን» ይባላል። ቁልቁለት ባየ ቁጥር እግሩ ፍሬኑ ላይ ስለሚያድር ስሙ እንደዚያው ቀርቷል። ማደያው በር ላይ ሲደርሱ ባለማደያው የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ እየሮጠ ወጣ። አርጅቷል። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ከፓምፖቹ አንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል። ቀጥታ ወደ ፍሬን ሄዶ ጨበጠው።

«እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር! እንኳን ደህና መጡ!»

«ኢንጂነሯ እነኋት» አለ ፍሬን። «እኔ የተቀጠርኩት ለመሪው ነው።»

«ውይ! ይቅር ይበሉኝ የኔ እመቤት። ዓይኔ እኮ…» እያለ ዞረ። አላወቃትም። እሷም ገና እንዲያውቃት አልፈለገችም።

ግቢውን አስጎበኛት። ጥላ ያላቸው ትላልቅ ዛፎች፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሁለት ሦስት መንገደኞች። «ሰው መኪናው እስኪሞላ እዚህ አረፍ ይላል። ልጆች ውሃ ይጠጣሉ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ እነዚህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በደጄ ሲያልፉ ዞር ብለው እንኳ አያዩኝም። ጣቢያው ግቢዬ ውስጥ ከገባ ኪራይም አገኛለሁ፣ መስመሬም ይታደሳል። ካልገባ ግን ይህን በር እዘጋለሁ። ከዚህ የሚሻል ቦታ ቢፈልጉ አያገኙም።»

እንደማታገኝ ታውቃለች። ያናደዳትም ይኸው ነው።

«ከአጥሩ ውጪ ያለው ባዶ ቦታስ?» አለች እያወቀች።

«እሱ? እሱማ ጠጠር ነው። ዛፍ የለው፣ ውሃ የለው። ድሮ አንድ ጎሚስታ ነበረበት።»

«ምን ሆነ?»

«ሄደ» አለ ባለማደያው።

ሄደ። የአንድ ሰው ዕድሜ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ አለቀ። ፊቷን ግን አላጠቆረችም። በአጥሩ በኩል አሻግራ አየች። ጠጠሩ ዳር ነጭ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። የመንገዱ ወሰን ናቸው። ከእነሱ ወዲያ ያለው መሬት፣ ጠጠሩም ጭምር፣ የመንገዱ እንጂ የባለማደያው አይደለም፤ መሥሪያ ቤቷም የመንገድ ዳር መሬት ላይ የመትከል ፈቃድ አለው። ዋናው የመብራት መስመርም የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነበር። ወይ ግቢው፣ ወይ የአባቷ ጠጠር።

«መስመሩን ልፈትሽ ነው። ዋናውን አጥፉልኝ» አለች።

ጠፋ። የሻይ ቤቱ ማቀዝቀዣ አቃሰተና ዝም አለ። ይሄኔ ፍሬን መኪናውን ዞሮ ሲያይ የኋላውን ጎማ በእግሩ ነካ አደረገና «ይቺ ደግሞ ለስልሳለች» አለ።

«ኮምፕሬሰር አለን! መብራቱ ሲመጣ ወዲያው…» አለ ባለማደያው።

«መብራቱ ይቆያል» አለች የጎሚስታው ልጅ። «የእጅ መንፊያ የለዎትም?»

«አለ፣ አለ። አንድ ሰው ልጥራ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ቢነፉልንማ እንዴት ደስ ይለናል። መንገደኛ እንዴት እንደሚያስተናግዱ እናያለን።»

ፍሬን ቀና ብሎ አያት። ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ባለማደያው ግን ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠለጠለው፤ ከመጋዘን እጀታው የዛገ መንፊያ አምጥቶ ጎማው አጠገብ ተንበረከከ። መንገደኞቹ ከበረንዳው አንገታቸውን አሰገጉ። ሽማግሌው ይጫናል፣ ያነሳል። ይጫናል፣ ያነሳል። ብዙም ሳይቆይ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ።

እሷ እጇን አጣጥፋ ቆማ አየችው። ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ይህንን ነበር፤ ከምትመኘውም በላይ አምሮ መጣላት። አልቸኮለችም።

«ደክሞዎታል?»

«የለም… የለም፣ ደርሷል።»

«ገና ነው። አባቴ የከባድ መኪና ጎማ ነበር የሚነፋው። ያውም በዚሁ ዓይነት መንፊያ፣ ያውም ከአጥርዎ ማዶ።»

ባለማደያው እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ከእግሯ እስከ ፀጉሯ አያት፣ ግንባሯ ላይ ሲደርስ ቀረ።

«አንቺ ልጅ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «የእሱ ግንባር።»

«የእሱ።»

«ዓይነት አልሽ? ዓይነት አይደለም። ራሱ ነው። መንፊያውን ጥሎት ሄዶ ነው እኔ ያስቀመጥኩት።»

«ገመዱን ቆርጠው መንፊያውን አስቀመጡ! ደግ ሰው ነዎት ጋሼ።»

«እኔ አልቆረጥኩም!» ድምፁ ግቢውን ሞላው። «ያቺ እናትሽ ናት ይህን የምትዘራው። ተቃጥሎ ነው የወደቀው! መሰላል ላይ የወጣሁት የተረፈውን ጫፍ ላስር ነው፣ መብራት ያለበት ገመድ ሰው ላይ ተንጠልጥሎ! እዚያ አለልሽ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም። መብራት ተምረሽ የለ? ወጥተሽ እይው!»

ምሰሶው ላይ ለመውጣት ቀድሞም አስባ ነበር። መሰላሉን ፍሬን ያዘላት። ወጣች። ከጎን አንድ አሮጌ ገመድ፣ ፀሐይ ልጣጩን የሰነጣጠቀው፣ ወደ አጥሩ አቅጣጫ ትንሽ ተጉዞ ወደራሱ ታጥፏል። በቀበቶዋ የያዘችውን ፒንሳ አላወጣችም፤ ፊቷን አስጠግታ አየች። በፒንሳ የተቆረጠ ገመድ ጫፉ ተጨፍልቆ ስለት ያወጣል። ይሄ ስለት የለውም። መዳቡ ቀልጦ እንደ ሻማ ጠብታ ድቡልቡል ሆኗል፤ ዙሪያው ከስሏል። ከጠብታው ዝቅ ብሎ የፒንሳ ጥርስ አለ፤ ግን ገመዱን ለማጠፍ የነከሰ እንጂ የቆረጠ አይደለም። እናቷ መሰላሉን በእርግጥ አይታለች። ፒንሳውንም አይታለች። ያላየችው ከዚያ በፊት የሆነውን ነው።

እዚያ ላይ ብዙ ቆየች። ከታች ፍሬን «እዚያው ልታድሪ ነው እንዴ?» አለ። ከላይ ሆና ማንም እንደማያያት አሰበች። ፒንሳዋ ወገቧ ላይ ነው። ጫፉን ቆርጣ ኪሷ ብትከት የእናቷ ወሬ እስከ ዘላለም እውነት ሆኖ ይቀራል። እጇ ወደ ወገቧ ሄደ። ከዚያ ተመለሰ።

ወረደች። ባለማደያው ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት።

«እህስ?»

«ተቃጥሎ ነው።»

«ተባረኪ! ስሙ! ሁላችሁም ስሙ!» አለ ወደ በረንዳው እየዞረ።

«አልጨረስኩም» አለች። «ገመድ ይቃጠላል። ሌላ ገመድ ደግሞ ይቀጠላል። አንድ ሻይ ከመጠጣት የማይበልጥ ሥራ ነው። ለምን አልቀጠሉለትም?»

ባለማደያው የሚመልሰው ነገር ውሃ እንደማይቋጥር ገና ሳይናገር ገብቶታል።

«እንዲጠይቀኝ ጠበቅሁት» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቃል። ‹እባክህ ቀጥልልኝ› ቢለኝ በዚያው ቀን እቀጥልለት ነበር። ትዕቢቱን ሊያሳየኝ በፊቴ እያለፈ ‹እንደምን አደርክ› ብቻ ይለኛል! ደህና ነኝ እለዋለሁ። ነገ ይጠይቀኛል እላለሁ። ነገም እንደምን አደርክ። ከነገ ወዲያም እንደምን አደርክ።»

«እርስዎ ከዚህ በረንዳ ላይ ሆነው ሲነፋ እያዩት።»



ቢቆርጠው ይሻል ነበር። የቆረጠ ሰው ተናዶ ነው ይባላል፤ ንዴት ደግሞ ይበርዳል። ይሄ ግን በየጠዋቱ ሻዩን እየጠጣ፣ አንድ ሰው አንገቱን እስኪደፋለት በረጋ ልብ የጠበቀ ነው። ቂሟ ሲያንስ ሳይሆን መልኩን ሲቀይር ተሰማት። እስካሁን ስለ አንድ ፒንሳ ነበር፤ አሁን ትክክለኛ ቤቱን አገኘ።

«እንግዲያው ይጠይቁኝ» አለች።

«ምን?»

«ጣቢያው ግቢዎ እንዲገባ ይፈልጋሉ አይደል? ከአባቴ የጠበቁትን ቃል እኔም ልጠብቅ። እዚሁ ቆሜያለሁ።»

ፍሬን ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ተይ እህቴ፣ ሽማግሌ ናቸው። ደግሞም ግቢው ይሻላል፣ ሰው እዚያ ጠጠር ላይ በፀሐይ ሊቀቀል ነው» አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ባለማደያው ወደ በረንዳው አየ፤ መንገደኞቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። በላስቲክ የተጠቀለለውን ፓምፕ አየ። ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ፤ መልሶም አንቺ ማለቱን ተወ።

«እባክዎ» አለ። ድምፁ ከመንፊያው ትንፋሽ አይበልጥም። «እባክዎ ልጄ። መስመሩን ወደ ግቢዬ ያስገቡልኝ።»

ይህ ቃል ጣፋጭ ይሆናል ብላ ነበር። ሲመጣ የዛገ ብረት የነከሰች ያህል ሆነባት። አባቷ ለምን እንዳላለው ገባት፤ ማለት አቅቶት ሳይሆን፣ ሌላውን ሰው እንዲህ ትንሽ አድርጎ ማየት ስላልፈለገ ይሆናል። እሷ ግን አባቷ አይደለችም።

መንፊያውን ከመሬት አንስታ ለፍሬን ሰጠችው፤ መኪናው ውስጥ እንዲያስገባው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ባለማደያውም፣ በረንዳው ላይ ያሉትም እንዲሰሙ ተናገረች።

«ገመዱን እሳቸው አልቆረጡትም። ይሄን ለእናቴ በአንደበቴ እነግራታለሁ፤ ከእንግዲህ ቆረጠ የሚል ወሬ ከቤታችን አይወጣም። ጣቢያው ግን ጎሚስታ ቤቱ በነበረበት ጠጠር ላይ ይተከላል። ጣራ እናቆምለታለን፣ ውሃ እናስገባለታለን። በዚህ አጥር ወደ ውስጥ ግን አንዲት ገመድ አልስብም።»