አንድ ሲደመር አንድ

ፈቲሀ ቡታጅራ ውስጥ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የታካሚዎች መዝገብ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርታለች። በተለይ አለርጂ ባስቀመጠችበት መንገድ ትኮራ ነበር። ለእያንዳንዱ መድኃኒት የተለየ ቦታ አልከፈተችም፤ ሁሉንም በአንድ ቁጥር ያዘቻቸው። ፔኒሲሊን አንድ፣ ሰልፋ ሁለት፣ አስፕሪን አራት። ፔኒሲሊንም አስፕሪንም የማይስማማው ሰው ቁጥሩ አምስት ይሆናል።

በረመዳን አንድ ቀን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነርሷ ሰገነት ደወለች።

«ፈቲሀ፣ እማማ ሃሊማ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ሁለቴ ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ። አሁን ፋይላቸውን ስዘጋ ሰልፋ ይላል! ዶክተሩ ይህን አይቶ አሞክሳሲሊን አዟል። እሱም ያው ፔኒሲሊን ነው።»

ፈቲሀ ኮዱን ከፈተች። አዲስ አለርጂ ሲገባ «ወይም» የሚለውን ምልክት መጠቀም ነበረባት፤ እሱ ያው አለርጂ ደግሞ ቢገባ ቁጥሩን አይለውጥም። የጻፈችው ግን የመደመር ምልክት ነው። አንድ ሁለቴ ሲገባ ሁለት፣ ማለትም ሰልፋ ሆኗል።

«ውጠውታል?»

«ጾመኛ ናቸው። ሳፈጥር እውጣለሁ ብለው ነው የሄዱት። ስልካቸው ዝግ ነው።»

ፈቲሀ ባጃጅ ይዛ ወደ መስቃን ገጠር ወጣች። መንገዱ ላይ በርበሬ የጫነ ጋሪ ጎማው ወልቆ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። የባጃጁ ሹፌር ዱባለ በማሳ ጥግ ገና ሳያልፍ የማፍጠሪያው አዛን ተሰማ። እሷ ወርዳ በእንሰቱ መሃል ሮጠች፤ ያገኘችውን ሁሉ ቤታቸውን እየጠየቀች።

ስትደርስ እማማ ሃሊማ አንገታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው አብጧል።

«ጉሮሮዬን... ያዘኝ።»

ከጎረቤት ጋር ተሸክመው ዱባለ ዞሮ ያደረሰው ባጃጅ ውስጥ አስገቧቸው። እማማ ሃሊማ በፉጨት እየተነፈሱ እጇን ጨበጡ።

«ነርስ ነሽ፣ ልጄ?»

«አይደለሁም። መዝገቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

መስማታቸውን አላወቀችም። ዓይናቸው ተከድኗል። ፈቲሀ ክሊኒክ እስኪደርሱ ድረስ ስማቸውን እየጠራች አለቀሰች።

እማማ ሃሊማ የአለርጂ ማብረጃ መርፌ ተወጉ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ሰገነት ግድግዳውን ተደግፋ «ሌላ ሰውስ?» አለች።

ፈቲሀ መዝገቡን ፈተሸች። ቁጥራቸው ሁለት የሆነ ብቻ ሠላሳ ስድስት ታካሚዎች አሉ። የትኛው በእውነት ሰልፋ እንደማይስማማው፣ የትኛው ደግሞ ፔኒሲሊን ሁለቴ እንደገባበት ቁጥሩ አይናገርም።

«ሁሉም ጋ እንደውል» አለች።

የመጀመሪያው ስልክ ጠራ፣ ጠራ። ያነሳ የለም። ሁለተኛውን ቁጥር መምታት ጀመረች።