ሁለቱ ሠላሳ ስምንቶች

ፈርገስ ሚዩር በአበርዲን ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ቀን መንገድ ጠፍቶት አያውቅም። ማንም ባይጠይቀውም ይህን ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ልጆቹን ይዞ ፍሎረንስ ሲገባ ያወጣላቸው ደንብ የአውቶቡስ ሰው ደንብ ነበር፤ የጠፋ ሰው ወደተሳፈረበት ፌርማታ ይመለሳል። ፌርማታው ያረፉበት ቤት ነው፤ የሰም ሠሪዎች ጎዳና፣ ቁጥር ሠላሳ ስምንት። የዘጠኝ ዓመቷ ሞራግ በቃሏ ያዘችው። የስድስት ዓመቱ ሩአሪ ግን፣ "እኔ አልጠፋም" ብሎ ነገሩን ዘጋ።

ደንቡ ያስፈለገው በሾና ምክንያት ነው። ሾና የልጆቹ እናት ናት። ከፈርገስ ጋር ከተለያዩ ሰባት ወራቸው ነው፤ እሱም ልጆቹን ለብቻው ይዞ ከአገር ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኝታቸው፣ "በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ልጆቹን ታገናኘኛለህ። አንድ ቀን 'የት እንዳሉ አላውቅም' ካልከኝ፣ ሁለተኛ እነሱን ይዘህ ከአበርዲን አትወጣም" አለችው። ይህን ስትለው አልተቆጣችም። እሱን ያስፈራውም አለመቆጣቷ ነው።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ፈርገስ ከካቴድራሉ ጀርባ የአይስክሬም ሰልፍ ይዞ ነበር። አንድ ሰውዬ የሳሙና አረፋ እየነፋ በአደባባዩ አለፈ። ሩአሪ አረፋውን ተከተለ፤ ሞራግ ሩአሪን ተከተለች። ፈርገስ ሦስት አይስክሬም ይዞ ዞር ሲል ልጆች የሉም። ስማቸውን እየጠራ አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞረው። አይስክሬሙ እስከ ክርኑ ድረስ ከወረደ በኋላ ነው ደንቡ ትዝ ያለው።

የሰም ሠሪዎችን ጎዳና በካርታው አገኘው። ሠላሳ ስምንት ቁጥርንም አገኘ። ልጆቹ ግን በሩ ላይ አልነበሩም። ቁልፉን ቢሞክር አልገባም፤ ገልብጦ ቢሞክርም አልገባም። ትናንት የገቡበት በር ቡናማ ነበር? ይህም ቡናማ ነው። ነገር ግን ትናንት ሩአሪ ትከሻው ላይ ተኝቶበት፣ ሻንጣ በሌላ እጁ፣ ቁጥሩን ፈልጋ ያገኘችው ሞራግ ነበረች። ዛሬም ሲወጡ በር የቆለፈችው እሷ ናት። ግራ ቢገባው ካርታውን እንደገና ዘረጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ካርታው ጎዳናው ይኸው ነው አለ፣ ቁጥሩም ይኸው ነው፤ ታዲያ ልጆቹስ?

በሩን በቡጢ ደበደበው። የከፈተችው ወንበሮችን ጨርቅ የምታለብስ አሮጊት ናት፤ በጥርሷ ሦስት ምስማር ነክሳለች፣ ከኋላዋ ጨርቃቸውን የተገፈፉ ወንበሮች ይታያሉ። ፈርገስ በእጁ የልጆቹን ቁመት አሳያት፣ አንዱን እዚህ ድረስ፣ አንዷን እዚህ ድረስ። ቁልፉንም አሳያት። ሴትዮዋ ምስማሮቹን ከአፏ አውጥታ ሳቀች። ወደ በሩ ቁጥር ጠቆመች፤ ወደ ጎዳናው ታችኛው ጫፍ ጠቆመች። ምንም እንዳልገባው ስታይ ገብታ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አመጣችና አንዱን ከቁጥሩ ጋር አስጠጋች፣ ሌላውን ወደ ታች አወዛወዘች።

ፈርገስ ጨርቆቹን አየ። ሁለት ጥቋቁር ጨርቆች ናቸው። ልትሸጥለት ነው? በዚህ ሰዓት?

ሴትዮዋ አሁንም አንደኛውን አነሳች፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ አስተማሪ ረጋ ብላ። ያኔ ነገሩ የቀለም ነገር መሆኑ ገባው።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ባቡር ሊነዳ አመልክቶ ነበር። ነጠብጣብ የሞላበት ሥዕል አሳይተውት፣ ቀይ ቀለም አይለይም ብለው መለሱት። ያንን ለእናቱ አልተናገረም፣ ለሾናም አልተናገረም። የመንገድ መብራቱን በቀለሙ ሳይሆን ከላይና ከታች በመሆኑ እያነበበ ይኸው ዕድሜውን ነዳ። ዘንድሮ የሥራ ጓደኞቹ እግሩን እያዩ የሚሳሳቁበት ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም።

ሰዓቱን ሲያይ ለአሥራ ሁለት ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ገባኝ ብሎ አመስግኖ መሄድ ይችላል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ያደረገው ይህንኑ ነው። ግን ሲሄድስ ወዴት ይሄዳል? ፈርገስ ጣቱን ዓይኑ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። "አይታየኝም" አለ፣ ሴትዮዋ ቋንቋውን እንደማትሰማ እያወቀ። "ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።"

መሳቋን ተወች። እጅጌውን ይዛ እንደ ሕፃን እየጎተተች ወደ ጎዳናው ታችኛው ጫፍ ወሰደችው።

ልጆቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ከበሩ በላይ ሠላሳ ስምንት ተጽፏል።

"የት ነበርክ?" አለች ሞራግ። "ደንቡን ያወጣኸው አንተ፣ የጠፋኸው አንተ!"

"እኔኮ አልጠፋሁም" አለ ሩአሪ።

ፈርገስ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፋቸው። አይስክሬም የነካው እጁ ፀጉራቸው ላይ ተጣበቀ። "ሠላሳ ስምንት ነበርኩ፤ ላይኛው።"

"ላይኛውማ ቀዩ ነው፣ አባዬ። ቀዩ ቁጥር የሱቅ፣ ጥቁሩ የመኖሪያ ቤት። ትናንት ስንገባ አየሁት፤ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት።" ሞራግ ፊቱን አየችው፤ ቀጥሎ ሴትዮዋ የያዘቻቸውን ጨርቆች አየች። "ቀይ አይታይህም እንዴ?"

ስልኩ ጮኸ። ሞራግ ቀድማ አነሳችውና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ፈርገስ በዓይኑ ለመናት፤ ልጅቷ ግን ውሸት አልተማረችም። አረፋውን፣ ደረጃውን፣ አሮጊቷን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። "እማዬ፣ ደግሞ አባዬ ቀይ አይታየውም።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች ሾና። "የፈራሁትም ይህንኑ ነበር።"

"ታውቂያለሽ?" አለ ፈርገስ።

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካልሲህን ማን ሲያጣምርልህ የኖረ መሰለህ? እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር። ሲሰለቸኝ ሄድኩ።" ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። "ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር ሞራግ ታንብብ። ነገም በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ።"

ከአበርዲን ስለመውጣት ምንም ሳትል ዘጋች። ፈርገስ በአንድ ጊዜ አፈረም፣ ደስም አለው፣ አዘነም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ሊለይ አልቻለም። ደረጃው ላይ ከልጆቹ መሐል ተቀመጠና እግሮቹን ዘረጋ።

"ሞራግ፣ ካልሲዬ ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። "የቀኙ ነው የግራው?"