ሦስት ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ሚዛኑ ስልሳ ሦስት ኪሎ ተኩል ሲል ነርሷ አላመነችም። አባቴን ደግፋ አወረደችውና እንደገና አቆመችው። ያው ነው። ከሦስት ቀን በፊት ከኩላሊት እጥበት ሲወጣ ሃምሳ ስምንት ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ የሚጠጣው ሁሉ መውጫ አጥቶ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በሳምንት ሁለቴ ማሽኑ ያወጣለታል። አምስት ኪሎ ተኩል ግን እግር በማሳበጥ ብቻ የሚያልፍ ውሃ አይደለም። ሳንባው ድረስ ገብቷል። ከመኪናው እስከ ሚዛኑ ያለችውን አጭር መንገድ አባቴ ሦስት ጊዜ ቆሞ ነው የጨረሳት።

ደሜ ፈላ። እቤታችን ውሃ የምጠብቀው እኔ ነኛ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ወንድሜ "ፈታኟ" እያለ ይቀልድብኛል፣ እኔም ስሙን አልጠላሁትም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሕመሙ የጀመረው ሰሞን አንድ የብርጭቆ ጠርሙስ አምጥቶ ሦስት ክር አሰረበት። ከላይ ቀዩ የጠዋቱ፣ መሃል ላይ ሰማያዊው የቀኑ፣ ከታች ነጩ የማታው። ጠዋት ጠዋት እኔ እሞላዋለሁ፣ ከዚያ ውጪ ጠብታ የለም። ሦስቱንም ቀን ጠርሙሱ በክሩ ልክ ነው የወረደው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? የሚኮርጅ ተማሪ ገና አንገቱን ሲያዞር የማውቅ ሰው ነኝና ዞር ብዬ እናቴንና ወንድሜን አየኋቸው። ሁለቱም ወለሉን ያያሉ።

ሐኪሙ መጥቶ የአባቴ ደረት ላይ ሽቦዎች ለጣጠፈ። የልቡን ምት ከሚመዘግበው ማሽን የወጣውን ወረቀት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ፖታሲየም የሚባለው ነገር ደሙ ውስጥ ከልክ አልፏል፣ ካልወረደ ልቡን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል አለን። ነርሷ መርፌ ስታዘጋጅ ወደ እኛ ዞረ።

"የበላውንና የጠጣውን በሙሉ ንገሩኝ። ለመቆጣት አይደለም። ሆዱ ውስጥ ያለው ገና ወደ ደሙ እየገባ ነው፤ ስንት እንደሚመጣብኝ ማወቅ አለብኝ።"

እናቴ የሻርፗን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ሹፌሩ ወንድሜ፣ አፉ ዝም ብሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ቀድሜ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። ከተፈቀደለት ሌላ ምንም አልቀመሰም፣ እኔ ራሴ ነኝ የምቆጣጠረው አልኩት። ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝና ይሄ እንደዚያ አይልም አለኝ።

አባቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ለትንፋሽ ይታገላል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። መናገር አልቻለም። ዓይኑ ከእናቴ ወደ ወንድሜ፣ ከወንድሜ ወደ እኔ ዞረና ተከደነ።

"ማነው የሰጠው?" አልኩ፣ ፈተና ላይ ወረቀት በምነጥቅበት ድምፅ።

እናቴ አፏን ከፈተች። አየችኝ። መልሳ ዘጋችው። የፈራችው ሐኪሙን አልነበረም፣ እኔን ነው። ባሏ ዓይኗ እያየ እየታፈነ፣ እሷ የገዛ ልጇን ፈርታ ዝም አለች። እኔስ? እኔም ዝም ብዬ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እናቴ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ ከፍሪጅ በረዶ አወጣና በኩባያ እሰጠዋለሁ። አንድ ሁለቴ አይደለም፣ በየቀኑ። በረዶ እኮ ውሃ አይባልም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ የሂሳብ አስተማሪዋ። "ለእማዬ እንዳትነግራት" እለዋለሁ፣ ባዶውን ኩባያ እያጠብኩ።

"እኔ በረዶ ሰጥቼዋለሁ" አልኩ። "በየቀኑ፣ ሙሉ ኩባያ።"

ከዚያ በኋላ የሚያቆመን ጠፋ። እናቴ እኔ ከቤት ስወጣ እየጠበቀች የብርቱካን ጭማቂ ትሰጠው ኖሯል፤ ዛሬ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሳይ አንጀቴ አልችል አለ አለች። ወንድሜ መኪናው ውስጥ ለስላሳና ሙዝ ያስቀምጥለታል፤ አሁን ስንመጣ እንኳ እናቴና እኔ ከኋላ ተቀምጠን፣ ፊት ለፊታችን፣ ሙዙን ልጦ አቀብሎታል። ሙዝ ውሃ የለውም ብዬ ነው አለ። እኔም አይቼ፣ ውሃ አይደለም ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ሐኪሙ ብርቱካንም ሙዝም ፖታሲየም የሞላባቸው ናቸው ብሎ ሁሉንም ጻፈ፤ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ሁለተኛ መርፌ አዘዘ፣ የእጥበቱንም ሰዓት ከአራት ወደ አምስት አራዘመው።

እጥበቱ ተጀመረ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደረቱ ላይ ካሉት ሽቦዎች ዓይኔን አልነቀልኩም። ሦስታችንንም ጠላሁ፣ ከሁሉም አብልጬ ራሴን። በሦስተኛው ሰዓት ትንፋሹ ረጋ፣ ዓይኑን ገለጠ። ሊሞትብኝ እንደነበረ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ፤ ደስ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩበት።

"አባዬ፣ አንተስ ለምን እምቢ አላልክም?"

"ስትሰጡኝ ፊታችሁ ይበራል" አለ። "ከታመምኩ ወዲህ ሌላ ምን አስደስቻችኋለሁ? ሦስታችሁም ለነሱ እንዳትነግር አላችሁኝ፣ አልተናገርኩም። የማናችሁን እጅ ልመልስ?"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ነርሷ እያየችኝ አለቀስኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ እቤት፣ አልጋው ላይ ነበር። ጠርሙሱ ሰማያዊው ክር ላይ ደርሷል፣ ከንፈሩ እንደገና ተሰነጣጥቋል። እናቴም ወንድሜም እዚያው ተቀምጠዋል፤ ከእንግዲህ የሚሰጠው ሁሉ በሁላችንም ፊት ይሁን ብለን ተስማምተናል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። እጄ ግን ወደ ፍሪጁ ሄዶ አንዲት በረዶ ይዞ ተመለሰ። አንዲት ብቻ ናት አልኩ፣ ለማን እንደምናገር ሳላውቅ። ማንም አልከለከለኝም።

አባቴ በረዶዋን ረጅም ጊዜ አያት። ደረቅ ምራቁን ዋጠ።

"እምቢ" አለኝ።

ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴ ለእኔ እምቢ ብሎ አያውቅም። አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ በረዶዋም እጄ ውስጥ ቀልጣ አለቀች።